ደባል
ተከታታይ ታሪክ፤ ክፍል 7

ካለፈው የቀጠለ፦ ትርሲት ከጨረቃ ጀርባ፣ ዴዳሉስ በተባለው ግዙፍ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ ብቻዋን ትጠብቃለች። ቱርካዊው ሐኪም ታሞ ህንዳዊው መሐንዲስ ወደ ምድር ይዞት ሄዷል። በማግስቱ መልእክት የሚያቀብለው ሳተላይት ድምፁን አጠፋ፤ የጨረቃ ሌሊትም ገባ።

* * *

ትርሲት ራሷን ይዛ ነቃች። ከዓይኖቿ በስተኋላ አንድ ነገር ይወቅራታል።

«ደባል!» አለች ሳትነሣ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ትርሲት? ያው ማደር ከተባለ። ፀሐይ ልትወጣ አምስት ቀን ይቀራታል።»

ደባል የጣቢያው ኮምፒውተር ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። አማርኛውን ማን እንዳስተማረው አይታወቅም፤ አነጋገሩ ግን ጡረታ የወጣ የቀበሌ ጸሐፊ ያስመስለዋል።

ጨረቃ ለምድር የምታሳየው አንድ ፊቷን ብቻ ነው። ጀርባዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ምድርን ዕድሜ ልኩን ቢጠብቅ አያያትም። ቴሌስኮፑም እዚያ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የምድር ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ጫጫታ ሁሉ ውፍረቱ 3,474 ኪሎ ሜትር በሆነ ድንጋይ ይጋረዳል። ለመሣሪያው ገነት ነው። ለሰው ምን እንደሆነ ትርሲትን ጠይቋት። ሌሊቱ 14 የምድር ቀን ያህል ይረዝማል፤ ብርዱንም በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያው በጀርባዋ በኩል ያረፈችው የቻይናዋ ቻንግ ኧ 4 ለክታው ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ ደርሶ ተገኝቷል።

ትርሲት በብቸኝነት ታሪክ የሚወዳደራትን ሰው ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። መጀመሪያ ያገኘችው ማይክል ኮሊንስን ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ጓደኞቹ ጨረቃ ላይ ሲወርዱ እሱ ከላይ ሲዞር ቆየ፤ በየዙሩም ወደ 48 ደቂቃ ያህል ከማንም ጋር መገናኘት አይችልም ነበር።

«48 ደቂቃ!» አለች ትርሲት። «እኔ ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ከዚያ በላይ ቆሜያለሁ።»

ቀጥላ ሰርጌ ክሪካሌቭን አነሣች። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ሊወጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ወጣ። መጋቢት 1984 ሲመለስ፣ ከ311 ቀን በኋላ ማለት ነው፣ የላከችው ሶቭየት ኅብረት ፈርሳለች፤ የተወለደባት ሌኒንግራድም ስሟን ለውጣ ጠበቀችው። ይህኛው ትንሽ አሳዘናት። ግን እሱም ቢሆን አጠገቡ የሚነጫነጭበት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ሰው የሚናፍቀው የሰውን ልጅ በጅምላ አይደለም፤ ዕቃውን የት አደረስሽው ብሎ የሚጨቀጭቀውን አንድ ሰው ነው። ትርሲት ለምሳሌ መሐንዲሱ ናፍቋታል፤ በስኳር ተጣልተው አኩርፋው ስለነበር ሲሄድ እንኳ ወጥታ አልሸኘችውም።

ራስ ምታቱን ቡና ያስታግሰው እንደሆነ ብላ ጀበናዋን ጣደች። የጣቢያው አየር ሆን ተብሎ ስለሳሳ ውሃው 85 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እንጦጦ አናት ላይ እንኳ ከዚያ ይሻላል። ሲቀዳም ቡናው እየተንቀረፈፈ ነው የሚወርደው። ዕጣን ማጨስ ክልክል ነው። ውሃው ደግሞ አንድ ነው፤ ዛሬ የጠጣችው አቦል በሰውነቷም በማጣሪያውም ዞሮ ከነገ ወዲያ በረካ ሆኖ ይመለሳል። ዝርዝሩን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ሁለት ሲኒ ቀዳች። አንደኛውን ድምጽ ማጉያው ፊት አስቀመጠችው።

«ጠጣ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እንደ ወትሮው እርስዎ ይጠጡልኝ።»

ሁለቱንም ጠጣች። ጭንቅላቷ አልተሻለውም።

«አየሩ ታፍኗል። ማጣሪያው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ባትሪ ለመቆጠብ ሁለተኛውን ያጠፉት እርስዎ ነዎት። ለአንድ ሰው አንዱ ይበቃል ብለው።»

«ታዲያ በቃ?»

«አልበቃም።»

መዝገቡን ከፈተች። አንድ ሰው በቀን የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ሲሠራ ይጨምራል፣ ሲተኛ ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ የዋለ ሰው ግን እጥፍ አይተነፍስም። የትናንቱ 2.1 ኪሎ ይላል። ከዚያ በፊት የነበረውም እንደዚሁ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከአየሩ የሚለየውን እርጥበት አየች። እሱም እጥፍ ነው። ሁለት መሣሪያ ተማክሮ አይዋሽም።

«ብዙ ስለሚያወሩ ይሆናል» አለ ደባል። «ማውራት ሳንባ ያሠራል።»

ትርሲት ሲኒውን አስቀመጠች። ያ ኩርፊያ ትዝ አላት።

«መሐንዲሱ አልሄደም እንዴ?»

«ሄዷል። መንኮራኩሯ ስትነሣ የሁለት ሰው ክብደት ይዛለች። ሲወጡ የመዘንኳቸው እኔ ነኝ።»

«ደባል» አለች ቃሏን እየመጠነች። «እዚህ ጣቢያ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

ደባል መልስ አዘግይቶ አያውቅም። አሁን ግን የአየር ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ሁለት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ጀምሮ።»

ሦስት ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሲተነፍስ የአራተኛውን ትንፋሽ ማን ይቆጥራል? ማጣሪያዎቹም ሁለቱም ይሠሩ ነበር። ትርሲት ተነሥታ የቡናውን ዘነዘና አነሣች። እዚያ ክብደቱ የምድሩ አንድ ስድስተኛ ቢሆንም ተወርውሮ ሲያርፍ ያው እንደ ምድሩ ነው የሚያመው። ይህን ስታስብ ልቧ ትንሽ ጠና አለ።

ሦስተኛው መጋዘን በመተላለፊያው ጫፍ ላይ ነው። ሲመጡ ጀምሮ በሩ ላይ «ግፊት የለውም፤ አይከፈትም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ከበሩ ጎን ያለውን የግፊት መለኪያ አቧራ በእጅጌዋ ጠረገችው። መርፌው ዜሮ ላይ አይደለም። እሷ በቆመችበት በኩል ካለው ጋር እኩል ነው።

«እትዬ ትርሲት» አለ ደባል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «ሳይከፍቱ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ተናገር።»

«ውስጥ ያለው ሰው ከራሱ በቀር እዚህ ማንም የለም ብሎ ነው የሚያምነው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

ደባል አልመለሰም። ትርሲት ዘነዘናውን ከፍ አደረገች። የበሩን መዘውር ገና አልነካችውም፤ መዘውሩ ግን ወደ ግራ መዞር ጀመረ።

ሳምንት ይቀጥላል