አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣል በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ ገና ብዙ ሊያገለግሉ የሚችሉ ኮምፒውተሮች በር ተዘግቶባቸዋል። እነዚህን መጣል ያሳዝናል፤ ደግሞም አያስፈልግም።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። እምብርቱን ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ገና ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው ሲሆን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ጀማሪ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነቱ ይቀላል፤ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ ክፍያም የለውም።

ትልቁ ጥቅሙ ሳይጫን መሞከር መቻሉ ነው። የሚንት መጫኛ ፋይል ከኢንተርኔት ወርዶ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ማስነሻ ሆኖ ይዘጋጃል፤ ኮምፒውተሩም በፍላሹ ይነሳል። ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ዴስክቶፑ ይከፈታል። ዋይፋዩ መያዙ፣ ድምፁ መሰማቱ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱ እዚያው ይታያል። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረው ይመጣሉ፤ አማርኛ ለመጻፍም ኪማን የተባለ ፕሮግራም አለ።

በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ወይም ከፎቶሾፕ የማይለይ ሰው ግን አይቸኩል፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። እንዲህ ያለው ሰው ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ቢጭን ይሻለዋል።

መጫኛው ሙሉ ዲስኩን እንዲጠቀም ከታዘዘ የነበረውን ሁሉ ያጠፋልና፣ ፎቶዎችዎንና ሰነዶችዎን አስቀድመው በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።