በቤት የተቀዳ ዲስክ በኮምፒዩተር አልታይ ሲል

የሐምሌ የጤፍ መዝሪያ ጊዜ አጭር ነው፤ ገበሬዎች ተሰብስበው የሥልጠናው ዲስክ አልታይ ቢል የባከነው ቀን አይተካም። በቤት የሚቀዳ ዲስክ በቀለም ላይ በጨረር የሚጻፍ በመሆኑ በፋብሪካ ከሚታተመው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ኦሎምፒያም ሆነ ሌላ ሰፈር የተቀዳ ዲስክ ከከተማ ከመውጣቱ በፊት የሚከተለው እንዲፈጸም እንመክራለን፦

1. ጠርዙን ይዞ ከመሐል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤
2. የኮምፒዩተሩ ማንበቢያ ዲቪዲ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ፤ ለሲዲ ብቻ የተሠራ ከሆነ አያነበውም፤
3. ከዊንዶውስ 10 ጋር የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ አብሮ ስለማይመጣ፣ ቪኤልሲ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም መጫን፤
4. በተቀዳበት መሣሪያ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቀረጻው አልተዘጋ ይሆናልና ለቀዳው ሰው መልሶ ማስዘጋት።

ከታየ በኋላ ቅጂውን በኮምፒዩተሩ ማስቀመጥ፣ ዲስኩንም ከፀሐይ መጠበቅ ይገባል።