ረሃቡስ አለ

እ.ኤ.አ. በ2025 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጃማ ኔትወርክ ኦፕን ላይ ያወጡት ጥናት ካናቢስን እንደገና መነጋገሪያ አድርጎታል። የአመጋገብ መዛባት ያለባቸው ከ7,600 በላይ ሰዎች፣ የምትወስዱት ሁሉ ለሕመማችሁ ረዳችሁ ወይስ ጎዳችሁ ተብለው በኢንተርኔት ተጠየቁ። በተለይ ምግብ የሚሸሹት ለካናቢስ ጥሩ ነጥብ ሰጡት። አልኮልና ኒኮቲን ግርጌ ቀሩ። ሐኪም የሚያዝዘው የድብርት መድኃኒት ደግሞ ለስሜት እንጂ ለአመጋገቡ እምብዛም አልተመሰገነም።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጫት የቃመ ሰው ምግብ ያስጠላዋል፤ ካናቢስ ያጨሰ ደግሞ ያገኘው ሁሉ ይጥመዋል። አኖሬክሲያ የሚለው ቃል ትርጉሙ የምግብ ፍላጎት ማጣት ስለሆነ መድኃኒቱ የተገኘ ይመስላል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ስያሜ ነው። አኖሬክሲያ የያዛት ልጅ ትራባለች። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ለቤቱ ሰው ኬክ ስትጋግር ትውልና እሷ አትቀምስም። የምትፈራው ለረሃቧ መሸነፍን ነው።

ይህን ያልቆጠረ ሙከራ ምን እንደሚገጥመው በ1983 አሜሪካ ውስጥ ታየ። 11 ታካሚዎች የካናቢስን ዋና ንጥረ ነገር ቲኤችሲን እና ዳያዜፓምን በየተራ ወሰዱ። ቲኤችሲው በክብደት አልበለጠም። ሦስቱን ግን ክፉኛ አስጨነቃቸው፤ ሰው መጠርጠር ጀመሩ፣ ራሳችንን መቆጣጠር አቃተን አሉ። መቆጣጠር ብቻ ለቀራት ታካሚ ከዚህ የከፋ ምን ይሰጧታል? በ2014 ዴንማርኮች መጠኑን ዝቅ አድርገው፣ በቀን 5 ሚሊግራም ድሮናቢኖል የተባለ ሰው ሠራሽ ቲኤችሲ ለአኖሬክሲያ ታካሚዎች ለአራት ሳምንት ሰጡ። ከባዶው ክኒን ይልቅ 0.73 ኪሎ ተጨመረ፤ ስለ ምግብና ስለ ሰውነታቸው ያላቸው ሐሳብ ግን ፈቀቅ አላለም።

የተገላቢጦሹም ተሞክሯል። ካናቢስ የሚያርፍበትን የአንጎል ተቀባይ የሚዘጋው ሪሞናባንት በ2006 አውሮፓ ውስጥ ለውፍረት ተፈቀደ። ሰውን አከሳ፤ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብም አመጣ፤ በ2008 ታገደ። ያንን ተቀባይ የነካ ሁሉ ሆድን ብቻ ነክቶ አይመለስም።

ጎስጉሰው በሚያስመልሱበት ቡሊሚያ ላይ ስጋቱ ሌላ ነው፤ ካናቢሱ የሚያመጣው ረሃብ ራሱ የመጎስጎሻ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የሚያምታታ አለ። በ2004 ከአውስትራሊያዋ አደሌድ አካባቢ የወጣ ዘገባ፣ ለዓመታት ካናቢስ የሚያጨሱ ሰዎች ማቆሚያ በሌለው ትውከት ሲሰቃዩ አሳየ። ብዙዎቹ ፋታ የሚያገኙት ሙቅ ውኃ ሥር ቆመው ነበር፤ በቀን ደጋግመው ይታጠባሉ። እንግዲህ የከሳች፣ የምታስመልስ ወጣት ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ ሐኪሙ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ እንደምትከት ከመጠርጠሩ በፊት ስለ ሻወሩ ይጠይቃት።