ጭስ የማይጋርደው ዓይን

በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ፣ የኮሶና የዝግባ መኖሪያ ነው። በዚህ ገደላማ ስፍራ እሳት ቢነሣ ጭሱ ሸለቆውን ስለሚሞላ፣ ለማጥፋት የዘመተው ሕዝብ ነበልባሉ ወዴት እንደሚያመራ አያይም።

በአውሮፕላን የሚጫን የሙቀት ካሜራ ግን የሚያነሣው ሙቀትን በመሆኑ ጭስ አያግደውም። በየበረራው የተነሡት ምስሎች በካርታ ላይ ሲነጻጸሩ እሳቱ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይታወቃል።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር የመጣው ከኬንያ ነበር። እሳት ግን አውሮፕላን እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች እሳት ሽቅብ እንደሚፈጥን ተገንዝበው፣ ሰው ከነበልባሉ በላይ ባለው ዳገት እንዳይሰለፍ መከልከል፣ በማዶው ሸንተረር ተመልካች ማቆም፣ ጠፋ የተባለውንም ጉቶ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብሎ ሙቀቱን መፈተሽ ይኖርባቸዋል።