ከጥራጊ የሚወጣ ሃይድሮጅን

ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ፣ ሲነድም በጭስና በጥላሸት ፈንታ ውሃን የሚተው፣ በክብደት ቢመዘን ደግሞ የቤንዚንን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት የሚሰጥ ጋዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ በመሆኑ፣ በማቃጠያው የዳነው አየር በፋብሪካው በር አስቀድሞ አድፏል። ስለዚህ ይህንኑ ጋዝ ከፍራፍሬ ልጣጭና ከገበያ ጥራጊ በለሆሳስ የሚያወጡትን፣ በዓይነ ሥጋ የማይታዩትን ረቂቃን ፍጥረታት ጠባይ መመርመር ታላቅ ቁም ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ክሎስትሪዲየም የሚባለው የባክቴሪያ ወገን አየር በማይደርስበት ስፍራ ስኳርን ሰባብሮ ኃይሉን ካገኘ በኋላ፣ የተረፉትን ኤሌክትሮኖች የሚቀበለው ኦክስጅን ስለሌለ፣ ማርጆሪ ስቲፈንሰንና ሌናርድ ስቲክላንድ በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካምብሪጅ ሃይድሮጅኔዝ ብለው በሰየሙት ኢንዛይም አማካይነት በውሃው ውስጥ ላሉት ፕሮቶኖች ያስረክባቸዋል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ከዚህም ፍላት ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ለባክቴሪያው ይህ ጋዝ የሸክም መገላገያ እንጂ ሀብት አይደለም።

ይህን ጋዝ በጋን ውስጥ ለማምረት ለጥንስስ የሚሆነው ዝቃጭ ከከብት እበት ወይም ከፍሳሽ ማጣሪያ ይወሰዳል፤ በውስጡ ግን ሃይድሮጅኑን እየበሉ ሚቴን የሚያደርጉ ሌሎች ተሐዋስያን ስለሚኖሩ፣ ሠራተኞቹ ዝቃጩን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ያፈሉታል። ሚቴን አድራጊዎቹ ያልቃሉ፤ ክሎስትሪዲየም ግን ስፖር በተባለ ጽኑ ልባስ ተሸፍኖ ከሙቀቱ ይተርፍና፣ ውሃው ሲበርድና ምግብ ሲያገኝ ዳግመኛ ይነቃል። ከሥራው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ጠቃሚውን ከጎጂው ለመለየት የፈላ ውሃ በቅቷልና።

ችግሩ የምርቱ ማነስ ነው። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በውስጡ ባለው ኃይል መጠን ከውሃ ጋር ተዋህዶ 12 የሃይድሮጅን ሞለኪውሎችን ሊሰጥ ሲገባው፣ በዚህ ዓይነቱ ፍላት ከ4 በላይ አይገኝም፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የቀረው ኃይል በጋኑ ውስጥ የኮምጣጤ አሲድና ለቆየ ቅቤ ሽታውን የሚሰጠው ቡቲሪክ አሲድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጋኑን የከፈተ ሰው ያልወጣውን ነዳጅ በአፍንጫው ያውቀዋል።

ይህን ትራፊ ለሁለተኛ ወገን ማብላት ይቻላል። ሀዋርድ ጌስትና ማርቲን ካመን በ1949 ሐምራዊ ባክቴሪያዎች በብርሃን ኃይል ሃይድሮጅን እንደሚያወጡ አሳይተዋል፤ እነዚህም አሲዶቹን ይመገባሉ፣ ነገር ግን ብርሃን የሚያስገባ ሰፊ ዕቃ ይሻሉ። በ2005 ደግሞ በፔንሲልቬንያ ብሩስ ሎጋንና ባልደረቦቹ ባክቴሪያ በሰፈረበት ኤሌክትሮድ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ግፊት ጨምረው ከኮምጣጤ አሲድ ሃይድሮጅን አወጡ፤ ውሃን ለመሰንጠቅ ቢያንስ 1.23 ቮልት ሲያስፈልግ፣ እዚህ ከዚያ እጅግ ያነሰው ይበቃል።

በአገራችን ይህ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው እሸት ቡና በሚታጠብበት በሲዳማና በጅማ ይመስለኛል፤ በመከር ወራት ስኳር ያዘለው ቅርፊትና ዝልግልግ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፣ በመበስበሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋልና። አጠባው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ስለሚቆይ፣ ጋኑ በቀረው ዘመን የገበያ ጥራጊ ሊቀርብለት፣ ሃይድሮጅን ከወጣለት በኋላም የተረፈው አሲድ እነዚያኑ ሚቴን አድራጊዎች ወዳሉበት ሁለተኛ ጋን ተላልፎ ለምድጃ የሚሆን ባዮጋዝ ሊሰጥ ይገባል።