የወፎች ጅራት ስለሚሰጠው አገልግሎት
(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ጥቂት ወጣ እንዳሉ የሚገኘው የወለቃ መንደር በብረትና በሸክላ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮች ከአንዱ ብረት ማረሻም፣ ማጭድም፣ ቢላዋም ያወጡ ነበር። ብረቱ አንድ ሲሆን ቅርጹን የሚወስነው የሚውልበት ሥራ ነው። የወፎችም ጅራት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ የወፍ ጅራት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እንደ በሬ ጅራት በአጥንት የረዘመ አይደለም። የመጨረሻዎቹ የጀርባ አጥንቶች ተጣብቀው አንድ አጭር አጥንት ሆነዋል፤ በዚያም ላይ ጠንካራ ላባዎች፣ በአብዛኞቹ ወፎች 12 የሚሆኑ፣ እንደ ማራገቢያ ተሰድረዋል። ጥንት ግን እንዲህ አልነበረም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከድንጋይ ውስጥ የተገኘው፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው አርኪዮፕተሪክስ ረጅም የአጥንት ጅራት ነበረው።

የጅራት ዋና ሥራ በረራን መምራት ነው። ከሥጋ ቤት በላይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት ያስተዋለ ሰው፣ ክንፉን ሳያራግብ ጅራቱን ብቻ እያጣመመ እንደ መኪና መሪ ሲጠቀምበት ያያል። ሊያርፍ ሲልም ዘርግቶ ወደ ታች በመድፋት ፍሬን ያደርገዋል። በሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ በሰፊው ሜዳ ጥንብ የሚፈልገው ጥንብ አንሣ ግን ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር ነው። አጥንት ከሰማይ ጥሎ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው የሰሜን ተራራዎች ጺማም አሞራ ደግሞ በገደል መካከል እየተጠማዘዘ የሚበር ስለ ሆነ ጅራቱ ረጅምና ጫፉ ሾጣጣ ነው።

ግንደ ቆርቁር ጅራቱን ለሌላ ሥራ አውሎታል። ግንድ በሚቆረቁርበት ጊዜ ደንዳና ጅራቱን በዛፉ ላይ አስደግፎ በሁለቱ እግሮቹ ይቆነጥጣል፤ ስለዚህ ጅራቱ እንደ በርጩማ ሦስተኛ እግር ሆኖ ይሸከመዋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ላባውን በሚለውጥበት ወቅት መካከለኞቹ ሁለት ላባዎች የሚወድቁት ሌሎቹ አድገው ካበቁ በኋላ መሆኑ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምግቡን የሚያገኝበት ድጋፍ በጠፋው ነበር።

ለጌጥ ብቻ የሚመስልም ጅራት አለ። ምንቃሩ ቀይ፣ ላባው ጥቁርና ነጭ የሆነ አንድ ትንሽ ወፍ አለ፤ ወንዱ በመራቢያው ወራት ከገላው የሚበልጥ ጅራት ያበቅልና ወራቱ ሲያልፍ ይጥለዋል። ይህን ያህል ሸክም ለምን ይሸከማል? ማልቴ አንደርሶን የተባሉት የስዊድን ሊቅ በኬንያ የሚኖር ሌላ ጅራተ ረጅም ወፍ መርምረው፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. መልሱን አሳትመዋል። የአንዳንዶቹን ወንዶች ጅራት ቆርጠው አሳጠሩ፤ የተቆረጠውን በሌሎቹ ላይ ቀጥለው አስረዘሙ። ብዙ ሴቶች ጎጆ የሠሩት ጅራታቸው በተራዘመላቸው ወንዶች ዘንድ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጌጥ የመሰለን ነገር ዘር የመተካት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ልጆች ወፍ ይዘው ጅራቷን በመቀስ ቆርጠው ሲለቋት እንደ ቀላል ጨዋታ ይቈጠራል። ነገር ግን የተነቀለ ላባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ ሲበቅል፣ የተቆረጠ ላባ ጉቶው እስኪወድቅ ድረስ አይተካም፤ ይህም በብዙዎቹ ወፎች ዘንድ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው። እስከዚያ ድረስ ያች ወፍ የምትጠማዘዝበት መሪ፣ የምታርፍበት ፍሬን ጐድሎባት ከጭልፊት ጋር ትታገላለች። ስለዚህ ወላጆች ሁሉ ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ፣ መቀሱ ወደ ወረቀት፣ ወፏም ወደ ዛፏ ይመለሳሉ።