«ጎማ ተነፈሰብን» በእንግሊዝኛ

ጎማ ሲተነፍስ አማርኛችን የሚያየው የሚወጣውን አየር ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ደግሞ የጎማውን መልክ ነው፦ «ፍላት»፣ ጠፍጣፋ። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ አርፍዳ ስትደርስ መምህሯ ለምን ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። የተሳፈረችበት ታክሲ ጎማው ተንፍሶ ነበርና ቃል በቃል ተርጉማ «ዘ ታየር ብሪዝድ» አለች። ክፍሉ ሳቀባት፤ ይኸው ሁለት ሳምንት እጇን አታወጣም። እኔን ያሳሰበኝ ስህተቱ ሳይሆን ዝምታዋ ነው።

ስለዚህ ነጠላውን ቃል ትተን ሙሉውን አባባል ያዝን። «ተነፈሰብኝ» ስንል «ብኝ» የምትሸከመውን፣ እንግሊዝኛ «አለኝ» በሚለው ግስ ይወጣዋል፦ «አይ ሃቭ ኤ ፍላት ታየር»። መንገድ ላይ ደርሶብን ከሆነ «ዊ ጋት ኤ ፍላት ታየር»። አሜሪካኖች ሲያወሩ «ፍላት» ብቻ ብለው ያልፋሉ፤ እንግሊዞች «ፓንክቸር» ማለት ይቀናቸዋል። «በርስት» የሚባለው ግን ድም ብሎ ሲፈነዳ ነው፤ ሚስማር ወግቶት ቀስ እያለ ለተነፈሰ ጎማ አይሆንም። «ስኮርታ»ንም ልጆች እንግሊዝኛ ይመስላቸዋል፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ እንግሊዝኛው «ስፔር ታየር» ነው።

እናንተም ጎሚስታ ቤት ስትቆሙ ልጁ አብሯችሁ ካለ፣ ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ አስደግሙት።